ከልባ ላይ፣ ሰማያዊ

የከተማዪቱ ስም ከልባ ነው፤ ስጠራት ደስ ይለኛል፣
ዐረቡ የማይሰማው ትርፍ ፍቺ ይሰጠኛል።
ከኋላዋ ተራራ፣ ተቃጥሎ የከሰለ ድንጋይ፣
ከፊቷ ባሕር፣ እንደ ቆርቆሮ ዐይን የሚወጋ በፀሐይ።
ሰማዩ ግን፣ ሐምሌ ላይ፣ ሰማያዊ አይደለም፤
አቧራ ነው፣ ወበቅ ነው፤ ሌላ ቀለም የለም።

ኡሙ ኸልፋን አንድ ቀን ጥቁር ፌስታል ይዛ መጣች፣
"መርየሚያ ናት፣ ትከያት" ብላ እጄ ላይ አስቀመጠች።
"አበባዋ ሰማያዊ፣" ሻጩ ያላትን መሰለኝ፣
"ቅጠሏ ይሄዳል፣ ሥሯ ግን ይቆያል" አለችኝ።

እኔ ከራያ ነኝ፤ ዝናብ የሚለመንበት አገር፣
የጠወለገ ባየሁ ቁጥር እጄ አርፎ አይቀመጥም ነበር።
ጠዋት አንድ ጆግ፣ ማታ አንድ ጆግ፣ በመሃል ደግሞ ሌላ፣
አጠጣኋት እንደ አራስ፣ ያለ ልክ ያለ መላ።
በአሥራ ሁለት ቀን ቢጫ፣ በሃያው ቀን ጥቁር፤
ስነቅላት ሥሯ ሸተተኝ፣ እንደ ከረመ ምስር።

ራጋቫን፣ የችግኝ ቤቱ ሰው፣ በተሰባበረ ዐረብኛ፣
"ፀሐይ አልገደላትም፤ ገዳይዋ አንቺ ነሽ" አለኛ።
"ጠጠር ስጪያት፣ አሸዋ ስጪያት፣ ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ፤
ከጥም በቀር ፍቅር አታውቅም፤ ስለ እሷ አታስቢ።"

ሁለተኛዋን ተከልኋት ጥላ በማይደርስበት፣
ከግንቡ ሥር፣ የዋዲ ጠጠር ከአፈሩ ደባልቄበት።
በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ፣ ከሥሯ አፈስሳለሁ፣
በቀሩት ስድስት ቀናት እጄን የፊጥኝ አስራለሁ።

ነሐሴ ላይ ደረቀች። እንዲያው ዝም ብላ፣
ግራጫ ጭራሮ፣ ያረጀ መጥረጊያ መስላ።
ኸልፋን ከሻርጃ መጣ፤ "ይነቀል" አለ፣ "ሣር አዝዣለሁ፣
የፕላስቲክ፣ የማይጠማ፤ ቅዳሜ አስነጥፋለሁ።"
እኔ ምን እላለሁ? የሰው ግቢ ነው።
ኡሙ ኸልፋን ከበረንዳው፣ ፊቷን ሳታዞር በቅጡ፣
"እኔም በነሐሴ እንዲህ ነኝ፤ መጀመሪያ እኔን አውጡ።"
ቅዳሜ ሣሩ ተነጠፈ፤ ጭራሮዋ ጋ ሲደርስ
አንድ ክንድ ቀዳዳ አወጡለት፣ በወፍራም የቆዳ መቀስ።

መስከረም ሲያልቅ ጭራሮዋን በአራት ጣት ልክ ቆረጥሁ፣
"ተርፈሽ እንደሆን ተናገሪ" ብዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ።
ዝም።
ጥቅምት ገባ። አንድ ሌሊት ከባሕሩ ጤዛ ወጣ፣
ሲነጋ ከሥሯ ዙሪያ አረንጓዴ ጥፍር መጣ።
ኅዳር ላይ ሰማያዊ! ዘንጉ ሁሉ፣ ከወገብ እስከ አናት፤
ንቦቹ ከየት ሰሙ? ፕላስቲኩን ተሻግረው አገኟት።

ኡሙ ኸልፋን ዐይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ተጎንብሳ ቀለሙን ፈለገች፣
"አዝረቅ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?" አለች።
"ሰማያዊ" አልኋት። "የሰማይ ማለት ነው።"
ቀና ብላ ያንን አቧራማ ነጭ አየችው።
"እንግዲያ የእናንተን ሰማይ ሰው በየቀኑ ያጥበዋል" አለች።
አልመለስሁላትም።
ራያ ላይ ሰማዩ እንዲህ የሚሰማየው
ደመና የጠፋ ጊዜ ነው፤
እናቴ ያንን ቀለም ስታይ
ከጎተራው የቀረውን ትሰፍራለች።

ኮንትራቴ የካቲት ላይ ያልቃል። ሥሯን በአካፋ ከፈልሁ፣
ግማሹን እዚያው ተውሁ፣ ግማሹን ለጎረቤት ሠራተኛ ለኩማሪ ሰጠሁ።
"ጠጠር፣ ፀሐይ፣ በሳምንት አንዴ። ከዚያ በላይ አትንኪያት።"
እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።
በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋ፣ በግንቡ ላይ አሻግሬ ሳይ፣
ጆግ ይዛ ቆማለች፣ እያዘነችላት።